የአርሶ አደሩ ውሻ፦ የጤና፣ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ አያያዝ
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

ውሻ በአርሶ አደሩ ቤት ትልቅ ሥራ አለው። ሌሊት በረቱንና ግቢውን ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል፤ ቀን ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሽ ይወርዳል፤ እህል ሲደርስ ዝንጀሮና ጦጣ ከማሳ ያባርራል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች ለበሬው፣ ለላሟና ለበጉ የሚደረገው ክትባትና ሕክምና ለውሻው አይታሰብም። ውሻው ሲታመም “ይሻለዋል” ተብሎ ይተዋል፤ ሲሞት ሌላ ቡችላ ይመጣል።

ይህ አሠራር ጉዳቱ በውሻው ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በደንብ ያልተያዘ ውሻ በጎችን ለአዙሪት፣ ከብቶችን ለእብድ ውሻ በሽታ፣ ቤተሰብን ደግሞ ለሞት ወይም ለከባድ ቀዶ ሕክምና ሊዳርግ ይችላል። “ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል” እንደሚባለው፣ ያልተከተበና ያለ ጠባቂ የሚዞር ውሻ በከፈተው ቀዳዳ ብዙ በሽታ ወደ ግቢ ይገባል።

ከዚህ ስልጠና በኋላ ሰልጣኞች፦
- ከውሻ ወደ በግና ወደ ሰው የሚተላለፉ ዋና ዋና በሽታዎችን መንገዳቸውን ለይተው ያውቃሉ፤
- ውሻቸውን በወቅቱ ያስከትባሉ፣ የውስጥ ጥገኛ መድኃኒት ያሰጣሉ፤
- ለውሻቸው ተገቢውን ምግብ፣ ውኃና የየዕለት እንቅስቃሴ ይሰጣሉ፤
- በልማት ቡድናቸው ላሉ አርሶ አደሮች ያስረዳሉ።

2. አዙሪት፦ ከውሻ ወደ በግ የሚመጣ ኪሳራ

በደጋው አካባቢ በግ የሚያረባ አርሶ አደር ሁሉ አዙሪትን ያውቃል። በጉ ከመንጋው ይነጠላል፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ከዛፍና ከአጥር ጋር ይጋጫል፣ በመጨረሻም መቆምና መመገብ ያቅተዋል። ብዙ አርሶ አደሮች በሽታው ከሣር፣ ከውርጭ ወይም ከነፋስ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል ነው።

የበሽታው ዑደት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በአዙሪት የታመመ በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። በበጉ አንጎል ውስጥ ንጹህ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ብዙ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ በውሻው አንጀት ውስጥ ራሷን የቻለች የኮሶ ትል መሆን ትችላለች።

ሁለተኛ፣ ከ6 ሳምንት አካባቢ በኋላ ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር በግጦሽ መሬት፣ በሣር ክምርና በውኃ መጠጫ አካባቢ ይበተናል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም።

ሦስተኛ፣ በጎች ሣር ሲግጡ እንቁላሉን ይውጣሉ። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በደም ሥር ወደ አንጎል ይሄዳል፤ በዚያም ቀስ በቀስ ውኃ ቋጥሮ ያድጋል። ምልክቱ በግልጽ የሚታየው ከወራት በኋላ በመሆኑ አርሶ አደሩ የዛሬውን አዙሪት ባለፈው በዓል ከጣለው ጭንቅላት ጋር አያገናኘውም።

ለምሳሌ አንድ አርሶ አደር በአዙሪት የተያዘ በግ አርዶ ጭንቅላቱን ለውሻው ጣለ እንበል። የአንድ በግ ኪሳራ ደርሶበታል፤ ሥጋውን ግን ተጠቅሞበታል። ይኸው ውሻ ከ6 ሳምንት በኋላ በየቀኑ ከእረኛው ጋር ወደ ጋራ ግጦሽ ሲወርድ እንቁላሉን ይበትናል። በሚቀጥለው ዓመት አዙሪት የሚይዘው የራሱን ጠቦቶች ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ነው። ለውሻው የተጣለው አንድ ጭንቅላት የመንደሩን ገቢ ይቀንሳል ማለት ነው።

አዙሪት የያዘውን በግ በመድኃኒት ማዳን አስቸጋሪ ስለሆነ ዋናው መፍትሔ መከላከል ነው። መከላከያውም ቀላል ነው፦
- የማንኛውም በግ ጥሬ ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥም፤ በተለይ የአዙሪት በግ ጭንቅላት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤
- የሞተ በግ ገደል ወይም ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ይቀበራል፤
- ውሻው በጊዜው የኮሶ መድኃኒት ይወስዳል።

3. በጉበትና በሳንባ ላይ የሚገኝ የውኃ ከረጢት

ከብት ወይም በግ ሲታረድ በሳንባና በጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ ነጫጭ ከረጢቶች ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ይህን “የማይበላ ነው” ብሎ ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ከረጢት የሌላ ዓይነት የኮሶ ትል እጭ ነው። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ ሲያድግ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይነ ምድር ውስጥ በቀላሉ አይታይም። በአንድ ውሻ ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ። ውሻውም ምንም የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል።

ሰው በዚህ በሽታ የሚያዘው ከረጢት የነበረበትን ጉበት በመብላቱ ሳይሆን በውሻ ዓይነ ምድር የወጣውን እንቁላል ሳያውቅ በመዋጡ ነው። እንቁላሉ በውሻው ፀጉር፣ በአፈር፣ ባልታጠበ አትክልትና በኩሬ ውኃ ላይ ሊኖር ይችላል። ሕፃናት ከውሻ ጋር ተጫውተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲመገቡ በቀላሉ ይያዛሉ። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነው።

ስለዚህ በእርድ ጊዜ፦
- ከረጢት ያለበት ሳንባ፣ ጉበት ወይም ሌላ ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤
- ጤነኛ የሚመስል ሆድ ዕቃም ቢሆን ለውሻ የሚሰጠው በደንብ ተቆራርጦ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ከተቀቀለ በኋላ ነው፤
- እርድ በሚካሄድበት ጊዜ ውሻ ይታሰራል፤
- በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ ብዙ እርድ ስለሚኖር ጎረቤታሞች በጋራ አንድ ጉድጓድ አስቀድመው ቢቆፍሩ ሥራው ይቀላል።

የኮሶ መድኃኒት አሰጣጥ። ለእነዚህ ትሎች የሚሠራው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሰጣል። ጥሬ ሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ያለው ውሻ በየ6 ሳምንቱ፣ በደንብ የሚጠበቅ ውሻ ደግሞ ቢያንስ በየ3 ወሩ ቢወስድ ይመከራል። የ6 ሳምንቱ ምክንያት ትሉ እንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊት ለመግደል ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። በመሆኑም ውሻው ከወሰደ በኋላ ለ2 ወይም ለ3 ቀን በአንድ ቦታ ታስሮ ዓይነ ምድሩ እየተሰበሰበ ይቀበራል። ለበግና ለከብት የተገዛ የትል መድኃኒት በግምት ለውሻ መስጠት አይገባም፤ አንዳንዱ ለዚህ ትል በቂ አይሆንም፣ አንዳንዱ ደግሞ መጠኑ ሲበዛ ውሻውን ይመርዛል።

4. የእብድ ውሻ በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ በታመመ እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ፣ በጭረት ወይም ቁስልን በመላስ ይተላለፋል። ከገባበት ቦታ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ላይ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ ከዚያ ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል።

4.1 ምልክቶቹ

በውሻ ላይ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ውሻው ይቆጣል፣ ያለ ምክንያት ይናከሳል፣ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ከቤት ጠፍቶ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው፦ ውሻው ጨለማ ቦታ ይደበቃል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው “አጥንት አንቆታል” ብሎ እጁን ወደ አፉ ሊያስገባ ይችላል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው።

በከብት ላይም ተመሳሳይ ስህተት ይፈጸማል። በእብድ ውሻ የተነከሰች ላም ከሳምንታት በኋላ ደጋግማ ትጮኻለች፣ ለሃጭ ታዝረበርባለች፣ መዋጥ ያቅታታል። ባለቤቱ ድንች ወይም ሌላ ነገር ያነቃት መስሎት ጉሮሮዋን በእጁ ይፈትሻል። እንዲህ ያለ ምልክት ያሳየ ከብት ሳይነካ ተለይቶ ይታሰራል፤ ባለሙያ ይጠራል። ወተቱ አይጠጣም፣ ታርዶም ሥጋው አይበላም።

4.2 ሰው በውሻ ሲነከስ

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ እያፈሰሰ ሌላው ያጥባል። ይህ እርምጃ ብዙ ቫይረስ ያስወግዳል።

2ኛ. አመድ፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ላምባ ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ አለማድረግ፤ አጥብቆ አለማሰር።

3ኛ. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። ጤና ኬላው ቅርብ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ትመራለች። ቁስሉ ትንሽ ጭረት ቢሆንም፣ የነከሰው ቡችላ ቢሆንም መሄድ ያስፈልጋል።

4ኛ. የታዘዘውን ክትባት ሁሉ በቀጠሮው ቀን መጨረስ። ሕመም የለኝም ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የባህል መድኃኒት የሚወስድም ሆነ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክትባቱን አስቀድሞ መጀመርና ሳያቋርጥ መጨረስ አለበት።

5ኛ. የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አለመግደል። በጠንካራ ሰንሰለት ታስሮ ለ10 ቀን በባለሙያ ክትትል ይቆያል። በነከሰበት ጊዜ በለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምልክት ያሳያል ወይም ይሞታል። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነ የተነከሰው ሰው ሕክምና በጤና ባለሙያው ውሳኔ ሊቆም ይችላል። ይሁን እንጂ 10 ቀኑን እየጠበቁ ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም። ውሻው ከሞተ ወይም ከተገደለ በባዶ እጅ ሳይነካ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል።

4.3 ክትባት

ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገማል። በሽታው በታየበት አካባቢ ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ያለው ቡችላም በባለሙያ ውሳኔ ተከትቦ በኋላ ሊደገምለት ይችላል። ክትባቱ መከላከል የሚጀምረው ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ስለሆነ ያበደ ውሻ በመንደሩ ከታየ በኋላ መሯሯጥ ዘግይቷል። የተከተበበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ከቤት ሰነዶች ጋር ይቀመጣል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተያዘ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ከገበያ ወይም በኪስ ይዞ ከሚዞር ሰው የሚገዛ ክትባት ገንዘብንም ውሻንም ያሳጣል። የእንስሳት ጤና ክሊኒኩ ወይም የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ብቻ ይከትባል።

በአንድ መንደር ካሉ 10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚያልፍበት መንገድ ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ውሻ መከተቡ ጥሩ ቢሆንም መንደሩን አያድንም። ውሾችን በመርዝ መፍጀትም መፍትሔ አይደለም፤ በሞቱት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይመጣሉ፣ መርዙም ለሌሎች እንስሳትና ለሕፃናት አደጋ ይሆናል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ መስከረም 18 አካባቢ ይከበራል። ከአዲስ ዓመት በኋላ የመንደሩን ውሾች በጋራ ለማስከተብ ይህ ቀን ጥሩ ማስታወሻ ነው።

5. አመጋገብና ውኃ

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል። በቂ ምግብ ያላገኘ ውሻ ግቢውን ትቶ ጥንብ ፍለጋ ይዞራል፤ ከጥንቡም ትሉን፣ ከሌሎች ውሾችም በሽታውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ውሻን መመገብ የበሽታ መከላከል አንዱ ክፍል ነው።

- የአደገ ውሻ በቀን 2 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይመገባል። ሌሊት ለሚጠብቅ ውሻ የማታው ምግብ አመሻሽ ላይ ይሰጣል።
- የእንጀራና የቂጣ ትራፊ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን በቂ አይደለም። አጓት፣ አሬራ፣ የተቀቀለ ሆድ ዕቃ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም የባቄላ ንፍሮ ክክ ሲቀላቀልበት ይሻላል።
- በርበሬና ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ለውሻ አይስማማም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲበዙ የውሻን ደም ይጎዳሉ።
- የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለት ይሆናል፤ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል።
- የሻገተ እህልና እንጀራ ለውሻም መርዝ ነው።
- በፀረ ተባይ የታሸ ዘር፣ የአይጥ መርዝና የመርጫ ዕቃ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። በመርዝ የሞተ አይጥ ይቀበራል።
- ንጹህ ውኃ ቀኑን ሙሉ በማይገለበጥ ዕቃ ይቀመጣል። የታሰረ ውሻ ውኃ ፈልጎ መሄድ እንደማይችል ማስታወስ ይገባል።

ውሻው በቂ ምግብ ማግኘቱን ለማወቅ ጎኑን በእጅ መዳሰስ ነው። የጎን አጥንቱ ሲዳሰስ ከታወቀ፣ ከሩቅ ሲታይ ግን ካልተቆጠረ አቋሙ ጥሩ ነው። ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ተጎድቷል ወይም ትል አለበት። ሲዳሰስም የማይገኝ ከሆነ ወፍሯል።

6. የየዕለት እንቅስቃሴ

በአካባቢያችን ሁለት ዓይነት ስህተት ይታያል። አንዱ ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት አስሮ ማስቀመጥ ነው፤ “ክፉ እንዲሆን” ተብሎ። ሌላው ውሻውን ቀንና ሌሊት ልቅ መተው ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ዘወትር የታሰረ ውሻ ጡንቻው ይላላል፣ ጥፍሩ ይረዝማል፣ አንገቱ ይቆስላል፣ ጠባዩ ይበላሻል። ሌባውንና የቤተሰቡን ልጅ ለይቶ የማያውቅ ውሻ ጥሩ ጠባቂ አይደለም፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት መጀመሪያ የሚጎዳው በቅርብ ያለ ሕፃን ነው። ልቅ የሆነ ውሻ ደግሞ ጥንብ ይበላል፣ ከማይታወቁ ውሾች ጋር ይናከሳል፣ የጎረቤት ጠቦትና ዶሮ መግደል ይለምዳል። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ነው፦ ውሻው በየቀኑ ይንቀሳቀሳል፣ የሚንቀሳቀሰው ግን ከሰው ጋር ነው።

ምን ያህል? ለአደገና ጤነኛ ውሻ በቀን በድምሩ 1 ሰዓት ያህል፣ ቢቻል ጠዋትና ማታ ተከፍሎ በቂ ነው። ለአርሶ አደር ይህ ተጨማሪ ሥራ መሆን የለበትም። ከብት ወደ ግጦሽ ሲወጣ፣ ውኃ ሲቀዳ ወይም ማሳ ሲጎበኝ ውሻውን ማስከተል ይበቃል። ከእረኛ ጋር የሚውል ውሻ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ እዚያው ያገኛል፤ እረኛው ሊያስብበት የሚገባው ውኃና ጥላ ነው።

መቼ? ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ በቆላና በወይና ደጋ ቀትር ላይ ማስሮጥ አይገባም። ያለማቋረጥ ካለከለከ፣ ከተንገዳገደና ድዱ ከቀላ ሙቀት መትቶታል። ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰዳል፣ ሰውነቱ በውኃ ይርሳል፣ ጥቂት በጥቂት ይጠጣል፣ ለባለሙያም ይነገራል። እንዲሁም ጠግቦ እንደበላ ወዲያው ማስሮጥ ጥሩ አይደለም።

ለማን ምን ያህል?
- ቡችላ በራሱ ይጫወት፤ አጥንቱ ስላልጠና ረጅም መንገድና ሩጫ አይስማማውም።
- ያረገዘች ውሻ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ታድርግ፤ ከአጥር መዝለልና ከሌሎች ውሾች ጋር መጋፋት አይገባትም።
- ያረጀ ውሻ አጭርና ተደጋጋሚ ጉዞ ይሻለዋል። ሲነሳ የሚያነክስ ከሆነ ይመርመር።
- የታመመ ወይም የቆሰለ ውሻ እስኪሻለው ይረፍ።

አስተሳሰር። ውሻው የሚታሰር ከሆነ ከሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱን በቀለበት በሽቦው ላይ ማንሸራተት ይቻላል። በዚህ መንገድ ውሻው እየተመላለሰ ግቢውን ይጠብቃል። በአንገቱ ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ማሰሪያው ሽቦ ወይም ቀጭን ገመድ አይሁን። ከዝናብና ከፀሐይ የሚከለል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ማደሪያ ይሠራለት። ለገበያ ወይም ሰው ወደሚበዛበት ቦታ ሲወሰድ በገመድ ተይዞ ይሁን።

7. ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ

ቁንጫና መዥገር ደም ይመጣሉ፣ በሽታም ያስተላልፋሉ። ቁንጫ ደግሞ ሌላ የኮሶ ትል ወደ ውሻና ወደ ሕፃናት ሊያሸጋግር ይችላል። እከክ ያለበት ውሻ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ያለማቋረጥ ያክካል፤ ሰውንም ሊያሳክክ ይችላል።

የውሻው መኝታ በየሳምንቱ ይጸዳል፣ ጉዝጓዙ ይቃጠላል። መዥገር በወረቀት ወይም በጓንት ተይዞ ከቆዳው አጠገብ ቀስ ተብሎ ይነቀላል፤ በጣት አይፈረጥም። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ፣ ላምባና የተቃጠለ ዘይት ውሻ ላይ መቀባት ክልክል ነው፤ ውሻው ገላውን ስለሚልስ ይመረዛል። ለውሻ የሚሆን መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠየቃል።

8. ቡችላና መራባት

ሴት ውሻ በአብዛኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን አካባቢ ነው። መመገብና ማስከተብ ከሚቻለው በላይ ቡችላ ሲወለድ የሚጣሉት ነገ ያልተከተቡ ልቅ ውሾች ይሆናሉ። ስለዚህ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ሴቷን ለሦስት ሳምንት ያህል ዘግቶ መጠበቅ፣ አገልግሎቱ ባለበት ደግሞ ወንዱንም ሴቷንም በባለሙያ ማምከን ይመከራል።

ቡችላ ብዙ ጊዜ ከእናቱ ወስፋት ይዞ ይወለዳል። ሆዱ የተነፋ፣ ፀጉሩ የቆመና የማያድግ ቡችላ የወስፋት ምልክት አለው። የወስፋት መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በባለሙያ ምክር በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል። ቡችላ ከ2 ወር በፊት ከእናቱ ባይለይ ጥሩ ነው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ትውከት ቡችላን በጥቂት ቀን ስለሚገድል በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይወሰዳል፤ ሌሎቹም ይለያሉ።

9. ሳምንታዊ ፍተሻ

በሳምንት አንድ ቀን 10 ደቂቃ ወስዶ ውሻን መፈተሽ ብዙ በሽታ በጊዜ ያሳያል። የሚያውቀውና የሚቀርበው ሰው ይፈትሸው።
- ዓይን፦ ጥርት ያለ፣ መግል የሌለው፤
- ጆሮ፦ የማይሸት፣ ውስጡ መዥገር የሌለበት፤
- ድድ፦ ሮዝ መልክ ያለው፤ የነጣ ድድ የደም ማነስ፣ የትል ወይም የመዥገር ምልክት ነው፤
- ቆዳ፦ ፀጉሩ ያልረገፈ፣ ቁስል የሌለው፣ የአንገቱ ማሰሪያ ያላቆሰለው፤
- እግር፦ በጣቶቹ መካከል እሾህ የሌለበት፣ ጥፍሩ ያልረዘመ፤
- ዓይነ ምድር፦ የጠጠረ፣ ደምና ትል የሌለበት።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ከሰው ስለሚበልጥ በእጅ ሲነካ ትኩስ መሆኑ ብቻውን ሕመም አይደለም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ግን አይነካም፤ አይፈተሽም፤ ባለሙያ ይጠራል።

ፍተሻው ሲያልቅ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

10. ውሾቻችንና ቀይ ቀበሮ

በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። በባሌ ተራሮች ከአንድ ጊዜ በላይ ብዙ ቀበሮዎችን የፈጁት የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው የውሻ ቫይረስ ከአካባቢው ውሾች የተላለፉ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች አቅራቢያ የሚኖር አርሶ አደር ውሻውን ሲያስከትብና ወደ ጥብቅ ቦታው ልቅ እንዳይሄድ ሲያደርግ ቀበሮውንም ይጠብቃል። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚመገበው አይጥ ስለሆነ ለአርሶ አደሩም ባለውለታ ነው።

11. ከሞዴል አርሶ አደር ምን ይጠበቃል?

ከላይ እንደተመለከተው አዙሪትም ሆነ የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ግቢ ጥረት አይቆምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞዴል አርሶ አደር፦
1. በቅድሚያ የራሱን ውሻ ያስከትባል፣ ካርዱን ያስቀምጣል፤
2. በልማት ቡድኑ ውስጥ ያሉትን ውሾች ቆጥሮ የተከተቡትንና ያልተከተቡትን ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ያሳውቃል፤
3. ከበዓል በፊት የጋራ የሆድ ዕቃ መቅበሪያ ጉድጓድ እንዲቆፈር ያስተባብራል፤
4. በአዙሪት የታመመ በግ ሲኖር ጭንቅላቱ እንዲቀበር ይከታተላል፤
5. ለልጆች ሦስት ነገር ያስተምራል፦ የማያውቁትን ውሻ አለመንካት፣ የሚበላ ውሻ አለመጠጋት፣ ውሻ ከነከሳቸው ወይም ከጫራቸው ቁጣ ሳይፈሩ ወዲያው መናገር።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሕፃን ልጅ “ለምን ነካኸው” ተብሎ እንዳይመታ ጭረቱን ይደብቃል። ወላጅ የሚሰማው በሽታው ከወጣ በኋላ ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም። ልጁ ሳይፈራ እንዲናገር የሚያደርግ ቤት ልጁን ያተርፋል።

12. የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ባለፈው በዓል የታረዱ እንስሳት ሆድ ዕቃና ጭንቅላት የት ተጣለ?
2. በመንጋችሁ አዙሪት የታየው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ለውሻችሁ ምን ሰጥታችሁ ነበር?
3. በልማት ቡድናችሁ ስንት ውሾች አሉ? ከመካከላቸው በዚህ ዓመት የተከተቡት ስንት ናቸው?
4. ውሻችሁ በቀን ስንት ሰዓት ይታሰራል? ከማን ጋር ይንቀሳቀሳል?
5. ዛሬ ማታ ልጃችሁ በውሻ ቢነከስ በመጀመሪያው 15 ደቂቃ ምን ታደርጋላችሁ? ሳሙናውና ውኃው በቤታችሁ አለ?